ማርሚታውን ከመብሳታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በቼንሶ፣ በሞተር መጋዝ ማለት ነው፣ ለምታድሩ ልጆች ነው። ባሕር ዛፍ ለምትገነድሱ፣ ግንድ ወደ ጣውላ ለምትሰነጥቁ፣ ማሽኑን ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ሥራ ፍለጋ ለምትዞሩ። እኔ መጀመሪያ ጫካ፣ ኋላ ደግሞ ጥገና ቤት ነው ያረጀሁት። አሁን ሞረድ ስይዝ መነጽር እፈልጋለሁ። እጄ ግን ገና አልከዳኝም።

አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ጎረምሳው ማሽኑን ያመጣና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጉልበት አነሰው፤ ማርሚታውን ብሳልኝ» ይለኛል። እኔ ማርሚታውን፣ ማለትም የጢስ ማውጫውን፣ ትቼ ሰንሰለቱን አገላብጬ አያለሁ። ጥርሱ ጫፉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ የሚያበራ መስመር ካለው ነገሩ አለቀ። ስል ጫፍ ብርሃን አይመልስም። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዶልዱሟል ማለት ነው። ዱልዱም ሰንሰለት ይዞ ጉልበትን ማርሚታ ውስጥ መፈለግ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ማስረጃው መሬት ላይም አለ። ስል ሰንሰለት እርጥብ ባሕር ዛፍ በአግድም ሲቆርጥ ሸካራ ፍርፋሪ ይጥላል። የዶለዶመው እንደ በሶ የላመ ሰጋቱራ ያቦናል። ደረቅ እንጨት ስትቆርጡ ወይም ግንዱን በርዝመቱ ለጣውላ ስትሰነጥቁ ግን ሰጋቱራው በተፈጥሮው ስለሚደቅ በእሱ ብቻ አትፍረዱ። የዚያን ጊዜ ክንዳችሁን ጠይቁት። ስል መጋዝ ራሱ እንጨቱን ይዞ ይወርዳል፣ የእናንተ ሥራ መምራት ብቻ ነው። ተደግፋችሁ የምትጫኑት ከሆነ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) ይግላል፣ ዘይቱ ይጨሳል፣ ክላቹ ይቃጠላል፣ ቤንዚኑም ያልቃል። እናንተም ትደክማላችሁ። አደጋ ደግሞ የደከመ ሰው ይወዳል።

ስለዚህ ሞረድ። ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ ጓንት አድርጉ። ባሩን ሞርሳ ላይ እሰሩት። ጫካ ከሆናችሁ ጉቶ ላይ ጠባብ ቦይ ቁረጡና ባሩን እዚያ አጣብቁት። የሞረዱ ውፍረት ከሰንሰለቱ ጋር መግጠም አለበት። ሰንሰለት የሚጠራው በማያያዣዎቹ ርቀት ነው፤ ለ0.325 ኢንች ሰንሰለት ሞረዱ 4.8 ሚሊሜትር ነው። ለትልቁ የ3/8 ኢንች እንደ አምራቹ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊሜትር፣ ለቀጭኑ የ3/8 ደግሞ 4 ሚሊሜትር። ማሸጊያው ከጠፋባችሁ ስቲል (Stihl) የሚባለው ኩባንያ ሰንሰለት ላይ ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ቁጥር ተቀርጿል፦ 2 ማለት 0.325 ነው፣ 3 ማለት 3/8። በሚያጉላ መነጽር እዩት። ሻጩን ከመጠየቅ ይሻላል፤ አንዳንዱ ሱቅ ያለውን ነው የሚሰጣችሁ።

ሞረዱን ከጥርሱ ውስጠኛ ወገን ወደ ውጭ ግፉት። ስትመልሱት አንሱት። ወዲያና ወዲህ ማሸት ሞረዱንም ጥርሱንም ይጎዳል። ለተራ ቆረጣ አንግሉ 30 ዲግሪ ነው፣ ለጣውላ ስንጠቃ ብቻ ወደ 10 ይወርዳል። ከሞረዱ ውፍረት አንድ አምስተኛው ያህል ከጥርሱ አናት በላይ ይታይ። ጥልቅ ብሎ ከገባ ጥርሱ መንጠቆ ይመስላል፣ ሲቆርጥ ለጊዜው ደስ ይላል፣ ግን ቶሎ ይሞታል። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ጥርስ በጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ መሞረድ ይበቃል። ድንጋይ ነክቶት ከሆነ ግን ነጩ መስመር እስኪጠፋ ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን የምንጠቀምበት የጥርስ ቅርጽ ከማን እንደመጣ ታውቃላችሁ? ጆሴፍ ኮክስ ከሚባል አሜሪካዊ ዛፍ ቆራጭ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ማገዶ ሲፈልጥ ጉቶ ውስጥ ያለ የጥንዚዛ ትል እንጨቱን ሲበላ ቁጭ ብሎ አየ። የዚያ ዘመን ሰንሰለት እንጨቱን የሚቧጭር ነበር፣ ቶሎ ይደንዛል፣ ያለማቋረጥ መሞረድ ይፈልጋል። ትሉ ግን በሁለቱ መንጋጋዎቹ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እየፋቀ ይሄዳል። ኮክስ ያንን በብረት ሠራው። የመሠረተው ኩባንያ ዛሬም ኦሪገን በሚል ስም ሰንሰለት ይሸጣል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰንሰለቱ ነገር ሁሉ ግራና ቀኝ እኩል በመሥራታቸው ላይ ነው። ቀኝ እጅ የሚቀናው ሰው አንዱን ወገን አጥብቆ፣ ሌላውን አቅልሎ ይሞርዳል። የአንድ ወገን ጥርሶች ሲያጥሩ መጋዙ እየጠመዘዘ ይገባል። ልጁም «ባሩ ተጣሟል» ብሎ አዲስ ባር ይገዛል። ባር የሚያልቅበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ከሁሉ ያጠረውን ጥርስ ፈልጉና ሌሎቹን ወደ እሱ ልክ አምጧቸው።

ከጥርሱ ፊት የቆመችውን ጉብታ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ጭራሽ አታዩአትም። ጥርሱ ምን ያህል እንጨት እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። ከጥርሱ አናት ዝቅ ብላ የምትቆመው 0.65 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጥርሱ እየተሞረደ ሲያጥር ክፍተቷ ይጠባል፣ ጥርሱ ስል ሆኖም አይነክስም። በየጊዜው በመለኪያ እያያችሁ በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ አድርጓት። ግን አትስገበገቡ። አብዝታችሁ ካወረዳችኋት መጋዙ እየተነጠቀ ይዘላል፣ የባሩ አፍንጫ ወደ ፊታችሁ የሚመለሰውም እንዲህ ሲሆን ነው።

የሰንሰለት ዋናው ጠላት እንጨት አይደለም፣ አፈር ነው። በበሬ ወይም በገመድ የተጎተተ ግንድ ልጡ ውስጥ ጭቃና አሸዋ ይዞ ይመጣል። በመጥረቢያ ላጥ አድርጉት። አጥር ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ምስማርና ሽቦ አለ ብላችሁ ጀምሩ።

እሺ፣ ሰንሰለቱ ስል ሆኖም ተጨማሪ ጉልበት ፈለጋችሁ እንበል። ማርሚታውን ማስፋት፣ የቺሊንደሩን መተንፈሻዎች መሞረድ፣ ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ስስ ንጣፍ) አውጥቶ ግፊት መጨመር ሁሉ ይሠራል። አልዋሽም፣ በደንብ የተሠራ ማሽን ድምፁም ሩጫውም ይለያል። ግን ማርሚታው ሲሰፋ ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋል፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ነውና። ያኔ ፒስተኑ በማርሚታው በኩል ይቧጨራል። ጓርኒሲዮኑን ስታወጡም ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላይ የሚቀረውን ክፍተት ለኩ። ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ከሆነ መልሱት።

በእኛ አገር ደግሞ ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ደብረ ብርሃን ይብሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ መካኒኩ ካርቡሬተሩ ላይ «ኤች» (H) የተጻፈበትን ብሎን አጥብቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ትክክል ነው። ያንኑ ማሽን ሳይነኩት ጋምቤላ ወይም መተማ ቢያወርዱት ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ሳይውል ሳያድር ተቃጥሎ ይቆማል። ራሳቸውን የሚያስተካክሉ አዳዲስ ሞዴሎች ይህ ችግር የለባቸውም። ገበያው ላይ የሚዞረው አብዛኛው ግን አሮጌው ነው።

ወደ ሽያጩ ስመጣ እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። የተነካካ ማሽን መሸጥ ነውር የለውም። ሳይናገሩ መሸጥ ነው ነውሩ። ገዢው ምን እንደተሠራ፣ የትኛው ከተማ እንደተስተካከለ፣ ቤንዚንና ዘይቱን በስንት ስንት እንደምትደባልቁ ይወቅ። በ1 ለ50 ነው ወይስ በ1 ለ25? በቃል ብቻ አትተዉት፣ ውሉ ላይ ጻፉት። ያወጣችሁትን ኦርጅናል ማርሚታና የእሳት ብልጭታ የምትይዘውን ወንፊት አብራችሁ ስጡ። ወንፊት የሌለው ማሽን በበጋ ደረቅ ሣር ላይ ምን እንደሚያደርግ ገበሬውን ጠይቁት። ቺሊንደሩ ተለውጦ ከሆነና የተለወጠው ቻይና ሠራሽ ከሆነ ተናገሩ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አያድናችሁም።

ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አታሙቁት። ቀዝቅዞ ሲነሳ ይየው። ማርሚታውን የያዙትን ሁለት ሦስት ብሎኖች ፍቱና ፒስተኑን በባትሪ አሳዩት። ንጹሕ ከሆነ ከእናንተ ወሬ በላይ ይሸጥላችኋል። የሰንሰለት ፍሬኑ መያዙንም ፊቱ ሞክሩት። የገዛችሁበት ደረሰኝ ካለ አውጡት፣ የተሰረቀ ቼንሶ በየደላላው እጅ ስለሚዞር ገዢ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ለማሻሻያው ያወጣችሁትን ገንዘብ አስመልሳለሁ ብላችሁ አትድከሙ። የሚያውቅ ገዢ የተነካካ ሞተርን ይፈራል፣ የማያውቀው ደግሞ አይከፍልበትም። ደላላው «ስለ ማርሚታው ዝም በል፣ ከፍ አድርጌ አሸጥልሃለሁ» ካላችሁ ሌላ ደላላ ፈልጉ። ሲበላሽ ስልኩ የሚጠራው የእናንተ ነው፣ እሱ ኮሚሽኑን ወስዶ ሄዷል።

ሰንሰለቱን ሞርዳችሁ አስረክቡ። ገዢው ልጅ እግር ከሆነ የሰንሰለቱን ልክ ሞረድ ጨምሩለት፣ ብዙ አያስወጣም። በአውቶቡስ ጭናችሁ የምትልኩት ከሆነ ደግሞ ታንኩን ባዶ አድርጉ፣ የቀረውንም ሞተሩ እስኪጠፋ አስነስታችሁ ጨርሱት፤ የባሩን ሽፋን አልብሱት።