ጎብኚው ውስጡ የሚገባበት የጥበብ ቦታ፦ ያስጨነቃችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ውስጡ ገብቶ የሚያየው፣ የሚሰማው፣ የሚዳስሰውና የሚያሸተው የጥበብ ቦታ ከአካባቢ አርቲስቶች ጋር ሆኜ ሳዘጋጅ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «ልንጀምር ነው» የምትሉ ስለበዛችሁ ጠይቁኝ አልኩ። እናንተም አላሳፈራችሁኝም። ከመጀመሬ በፊት አቋሜን ልንገራችሁ፦ አርቲስቱ ካልቀደመ፣ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት የሚቀረው የመብራት ትርኢት ነው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ አለን፣ ቦታም እያየን ነው። መጀመሪያ ምን እናድርግ? ፕሮጀክተሮቹን እንግዛ?

መልስ፦ ኧረ ተዉ፣ ፕሮጀክተሩ ይቆይ! ብዙ ሰው ዕቃውን ይገዛል፣ የክፍሎቹን ፕላን ያስነድፋል፣ ከዚያ አርቲስት ጠርቶ «ይህን ግድግዳ ሙላልን» ይለዋል። ያን ጊዜ አርቲስቱ አስጊያጭ ሆነ ማለት ነው። እናንተ ግን ገና ባዶ በሆነው ቤት ውስጥ ከአርቲስቶቹ ጋር ተዘዋወሩ። ሠዓሊም፣ ቀራፂም፣ ሙዚቀኛም፣ ልብስ ሰፊም፣ የኮምፒውተር ኮድ የሚጽፍም ይኑርበት። እኛ አንዲት ሸክላ ሠሪ «ቦታ አጥተሽለት የቀረ ሐሳብ አለሽ?» ብለን ጠየቅናት። «ሥራዬ ሁልጊዜ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ድምፁን ሰው እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ» አለች። ስስ የሸክላ ሰሌዳዎች ከጣሪያ አንጠለጠለች። ሰው ሲያልፍ በትከሻው ይነካቸዋል፣ እነሱም ይደውላሉ። ያን ክፍል ከእኛ አንዳችንም በወረቀት ላይ አንነድፈውም ነበር።

ጥያቄ፦ ግን ሃያና ሠላሳ አርቲስት ከተሳተፈ እንዴት አንድ ሥራ ይሆናል? ቅይጥ አይሆንም?

መልስ፦ አንድ የጋራ ጥያቄ ካላችሁ አይሆንም። በአሜሪካ ሳንታ ፌ ከተማ ሚያው ዉልፍ የተባለው የአርቲስቶች ስብስብ በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አንድ የቀድሞ የቦውሊንግ አዳራሽ ቀይሮ ከፈተ። ከ100 በላይ አርቲስቶች ሠርተውበታል። አሠራሩ እጅግ የተለያየ ነው። ጎብኚው ግን ሲገባ የሚያገኘው ተራ የቤተሰብ መኖሪያ ቤት ነው፤ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆኑ?» እያለ ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳል። ጥያቄው ክር ነው፣ ክፍሎቹ ዶቃ ናቸው። ስለዚህ ቀለም አታመሳስሉ፣ ስታይልም አታስገድዱ። ክሩን ብቻ ያዙ።

ጥያቄ፦ አምስቱንም የስሜት ሕዋሳት በሁሉም ክፍል እናሠራ ወይስ እናከፋፍላቸው?

መልስ፦ ይህ የምወደው ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ አረዝማለሁ።

አከፋፍሉ። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ የስሜት ሕዋስ ይምራ፣ ሌሎቹ ይከተሉት። ሁሉም አንድ ላይ ከጮኹ ሰው አንዱንም አያስታውስም። አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን በ2003 ለንደን ቴት ሞደርን የተባለው የጥበብ ሙዚየም ውስጥ ያቆመውን ሰው ሠራሽ ፀሐይ አስቡት። ቢጫ ብርሃን፣ ቀጭን ጉም፣ ጣሪያው ላይ መስታወት። በቃ ይኸው ነው። ሰው ግን ማንም ሳያዘው ወለሉ ላይ እየተንጋለለ ራሱን ጣሪያው ላይ ይፈልግ ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል።

ሽታን በተመለከተ ተጠንቀቁ። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ክፍሉን ሙሉ ሽታ ብትረጩበት፣ ጎብኚው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አያሸተውም፤ አስም ያለበት ሰው ግን ይሠቃያል። ሽታን ደፍ ላይ አድርጉት፣ ወይም ጎብኚው ራሱ ጎንበስ ብሎ በሚያሸተው ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ። ፈልጎ ያገኘው ሽታ አብሮት ቤቱ ይገባል።

ዓይን ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ከፀሐይ የገባ ሰው ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ብርሃኑ ቀስ እያለ የሚቀንስ መተላለፊያ ሥሩ። ያ መተላለፊያ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ግን እኔ ከዋናው ክፍል አስቀድሜ የምነድፈው እሱን ነው።

ድምፅስ? ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣሉ። ጎርናናውን ግን አያቆሙትም፤ ግድግዳ አልፎ የጎረቤቱን ክፍል ያናውጣል። ከባድ ድምፅ የሚያወጣውን ሥራ ከሁሉም ርቆ ጥግ ላይ አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ሰው እንዲነካ ከፈቀድን ሥራው አይበላሽም?

መልስ፦ ይበላሻል። አስቀድማችሁ ተዘጋጁለት። በ2010 ቻይናዊው አርቲስት አይ ዌይዌይ እዚያው ቴት ሞደርን ውስጥ 100 ሚሊዮን ያህል በእጅ የተሠሩ የሸክላ ሱፍ ፍሬዎች ወለሉ ላይ ዘረጋ። ሰው እንዲራመድባቸው ነበር የታሰበው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ፍሬዎቹ ሲፋተጉ የሚነሳው አቧራ ለጤና አሳሰበና መራመድ ተከለከለ። ስለዚህ ከመክፈቻው ሳምንታት ቀድማችሁ ብዙ እግርና ብዙ እጅ አስነኩት። የልጆች እጅ የግድ ይኑርበት። ከሥራው ላይ ሰው የሚነካውን አካል፣ ሲሰበር እንዲቀየር በትርፍ አሠሩ። ለጥገናውም ራሱን አርቲስቱን ክፈሉት።

ጥያቄ፦ ለአርቲስቶቹ አንዴ እንክፈል ወይስ ከትኬት ገቢ ድርሻ? አንዳንዶቹ ለስማቸው ብለው በነፃ ለመሥራት ፈቃደኛ ናቸው።

መልስ፦ በነፃ አታሠሩ። ስም ቀለም አይገዛም። ለንድፉ፣ ለዕቃው፣ ለጉልበቱና ለጥገናው የሚከፈለውን ለየብቻ ጻፉ። አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ከሰጣችሁት ዕቃው ሁሉንም ይበላዋል፣ አርቲስቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ራሴ የደረሰብኝ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። በመጀመሪያ ዘመኔ የሠራሁለት አንድ አዘጋጅ ጠቅልሎ ከፍሎኝ፣ ከእንጨቱና ከሽቦው የተረፈኝ የትራንስፖርት እንኳ አልነበረም። የትኬት ድርሻ ጥሩ ነው፤ ግን በክፍያው ላይ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሁን።

ውሉ ላይ የቅጂ መብቱ የአርቲስቱ መሆኑን፣ ፎቶው ለማስታወቂያና ለሚሸጡ ዕቃዎች ይውል እንደሆነና በስንት፣ ሥራው ሲነሳ ማን እንደሚወስደው አስፍሩ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ አዘጋጅ ቸል ይለዋል። ኒውዮርክ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትዝ ይባል የነበረውን፣ ግድግዳው በግራፊቲ ሥዕሎች የተሞላ ሕንፃ በ2013 ባለቤቱ በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባው። በ2018 ፍርድ ቤት ለ21 አርቲስቶች 6.7 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። የምታነሱ ከሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ 600 ካሬ ሜትር አለን። በቀን ስንት ሰው እናስገባ?

መልስ፦ ለአንድ ሰው 4 ካሬ ሜትር ብትይዙ በአንድ ጊዜ 150 ሰው ነው። ጎብኚው 45 ደቂቃ ከቆየ በየ15 ደቂቃው 50 ሰው ታስገባላችሁ። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን፣ የመጨረሻው ቡድን ከመዘጋቱ 45 ደቂቃ በፊት ከገባ 1,500 ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። ልኩን የሚወስነው ግን ጠባቡ ክፍል ነው። 6 ሰው ለ2 ደቂቃ የሚይዝ የመስታወት ክፍል ካላችሁ በሰዓት 180 ሰው ብቻ ያሳልፋል፤ እናንተ ደግሞ 200 እያስገባችሁ ነው። በየሰዓቱ 20 ሰው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ወይ ክፍሉን ድገሙት፣ ወይ ሰው ሊዘልለው የሚችልበት መንገድ ስጡ።

ጥያቄ፦ የእሳት አደጋ ፍተሻው ብዙ ነገር እያስቀየረን ነው። የጭስ ማሽናችን የእሳት ጠቋሚውን ስለሚያስጮኸው፣ ትርኢቱ ላይ ጠቋሚውን ብናጠፋውስ?

መልስ፦ በፍጹም አታጥፉት። በ1984 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ በነበረ የማስፈራሪያ ቤት 8 ወጣቶች በእሳት አልቀዋል። በ2016 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ አርቲስቶች ይኖሩበትና ይሠሩበት በነበረ መጋዘን 36 ሰው ሞቷል። እኛ የምንሠራው ቤት ጨለማ ነው፣ መንገዱ ሆን ተብሎ ሰው እንዲጠፋበት የተሠራ ነው፣ ግድግዳው ጨርቅና ስፖንጅ ነው። ለእሳት ከዚህ የሚመች የለም። የጭስ ማሽኑን ተዉት፣ ወይም ከባለሙያ ጋር ሆናችሁ የጠቋሚውን ዓይነት አስለውጡ። ደወሉ ሲጮህ ሙዚቃው በራሱ እንዲቋረጥና ነጭ መብራት እንዲበራ አድርጉ። ከዚያ ቦታውን አይተው የማያውቁ ሰዎች አስገብታችሁ በስንት ደቂቃ እንደሚወጡ ለኩ። ፈታሹን እንደ ጠላት አትዩት።

ጥያቄ፦ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይቻላል?

መልስ፦ በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ እንዳይበልጭ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። በር ላይም ማስጠንቀቂያ ለጥፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦቲዝም አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ በጣም ያጓጓዋል፣ ግን ድምፁ ሲበዛ ይረበሻል። ለእንደኛ ዓይነቱ ምን ይታሰባል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። አዘጋጆች ይህን አንብቡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ድምፁና መብራቱ ዝቅ የሚልበት ሰዓት ይኑር። የትኛው ክፍል ይጮኻል፣ የትኛው ይጨልማል የሚል ካርታ ቀድሞ ይሰጥ። ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛ በር ላይ ይዘጋጅ። ከየክፍሉም ወደ ውጭ የሚያወጣ አጭር መንገድ ይኑር፤ መውጫ እንዳለ የሚያውቅ ልጅ ለመግባት ይደፍራል። መሐል ላይ ደግሞ ምንም የሌለበት ክፍል ሥሩ። መቀመጫ፣ ለስላሳ ብርሃን፣ ፀጥታ። እኛ ለእንደ ልጅሽ ላሉ ብለን ሠራነው፣ ከሁሉ በላይ የተጠቀሙበት ግን አረጋውያንና የደከማቸው ወላጆች ሆኑ።

ጥያቄ፦ ሰው ለፎቶ ብቻ ቢመጣስ?

መልስ፦ ይምጣ፣ ምን ችግር አለው? ጃፓናዊቷ አርቲስት ያዮይ ኩሳማ የመጀመሪያውን የመስታወት ክፍሏን የሠራችው በ1965 ነው፤ ስልክ ካሜራ ከመያዙ በፊት። ዛሬ አንዳንድ ሙዚየሞች ውስጥ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሰጡህም፣ ሰው ግን ተሰልፎ ይጠብቃል። እኔ የምለምነው ካሜራ የማይዘው አንድ ክፍል ይኑር ብቻ ነው። ሙሉ ጨለማ ይሁንና በእጅና በጆሮ ብቻ የሚታወቅ።

ጥያቄ፦ ከዓመት በኋላ ሁሉም አይቶት ሲያበቃስ?

መልስ፦ ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ አንድ ክፍል ባዶ ተዉ። በሩ ላይ «የሚቀጥለው አርቲስት» ብላችሁ ጻፉ። የአርቲስቱ መሥሪያ ቦታ ያው ክፍል ይሁን፤ ጎብኚው በመስኮት ሲሠራ ይየው። ያየው ሰው ሲያልቅ ለማየት ይመለሳል። እዚያው አካባቢ ያለ ወጣት ሠዓሊም በዚያ መስኮት እያየ ተራው መቼ እንደሆነ ይጠይቃችኋል።