«እናቴ ማታ ማን ያመጣሻል ትላለች»

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በወረዳችን ወጣቶች ማዕከል ቴአትር እንሠራለን። እርስዎ በመድረክም በቴሌቪዥንም ሠርተዋል። በየትኛው ልጀምር? እናቴ ደግሞ «ማታ ማን ያመጣሻል?» ትላለች።

መልስ፦ ከእናትሽ ልጀምር፤ የእኔም እናት ጥያቄ ነበርና። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ቴአትሩ ሲያልቅ ሜካፔን በደንብ ሳላጠፋ ወደ ታክሲ እሮጣለሁ። አንድ ምሽት የተሳለ መጨማደድ ፊቴ ላይ እንዳለ ተሰለፍኩ። አንድ ልጅ «እማማ፣ ይቅደሙ» አለኝ። ቀደምኩ! ያኔ ገና 34 ዓመቴ ነበር። አንቺ ግን ከቡድኑ አብሮሽ የሚመለስ ሰው ፈልጊ። እናትሽንም አንድ ቀን ጋብዣቸው። በድሮ ጊዜ እኮ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ብዙ መንገድ መጥተናል።

ሥራውን በመድረክ ጀምሪ። ድምፅሽ መጨረሻ ወንበር ድረስ መድረስ አለበት፤ ተሳሳትኩ ብሎ መድገም የለም። ካሜራ ሌላ ነው። መጀመሪያ የተቀረጽኩት ለገጣፎ፣ አንድ ቪላ ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ «እህቴ፣ ጎረቤት ጥሪ አላልኩሽም» አለኝ። በዓይን መናገር ለመልመድ ወራት ፈጀብኝ። ቅደም ተከተልም የለም፤ ጠዋት ባልሽን ትቀብሪያለሽ፣ ከሰዓት ታገቢዋለሽ።

መማር ካሰብሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት አለው።

ደግሞ ሳትፈርሚ እንዳትቀረጪ። በቃል የተስማማኝ አንድ ፕሮዲውሰር እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም።