የቤተ ዘመድ ማኅበር እንዳይቀዘቅዝ፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የአንድ አያት ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። በዓመት አንዴ በየተራ በአባላት ቤት እንሰባሰባለን። መጀመሪያ ዘመዱ ሁሉ ጓጉቶ መጣ፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ግማሹ ቀረ። የተጣላ ሰው የለም። ምን ጎደለን?

መልስ፦ በብዛት ዘመድ የሚቀረው ተራውን ፈርቶ ነው። የመጀመሪያው ደጋሽ አንድ በግ ካረደ ሁለተኛው ሁለት ያርዳል፤ ሦስተኛው ወይፈን ይጥላል። አቅም ያነሰው ዘመድ ተራው ሲቃረብ ሰበብ ፈልጎ ይቀራል፤ ከቀረ በኋላ ደግሞ እያፈረ ይርቃል።

ድግሱን ከተረኛው ላይ አውርዱት። አያታችሁ የወለዷቸው ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ «ቤት» ይሁኑ፤ ለየቤቱ አንድ ተጠሪ ይመረጥ። መዋጮው በየወሩ፣ ገቢ ባለው ጎጆ ይታሰብ። በነፍስ ወከፍ ከሆነ ብዙ ልጅ ያላቸው ይጎዳሉ። የምግቡ መጠን በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ማንም ከዚያ በላይ አይጨምር። ለአዋቂ ሁለት እንጀራ፣ ለልጅ አንድ በቂ ነው። ከመካከለኛ በግ 10 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይወጣል፤ ምስርና ጎመን ከታከለበት 30 ሰው ይመግባል።

ቀኑን ደግሞ በየዓመቱ አትፈልጉት። አያታችሁ ካረፉበት ቀን ቀጥሎ ያለው እሁድ የማኅበሩ ቀን ይሁን። ጠዋት ሙት ዓመታቸው በቤተ ክርስቲያን ይታሰባል፤ ቀትር ላይ ዘመድ ይገናኛል። ቀኑ ሁዳዴ ወይም ፍልሰታ ላይ ከዋለ የጾም ምግብ ይቅረብ እንጂ ቀኑ አይነካ። ውጭ አገር ያሉት የሚመቻቸው የልጆች ትምህርት ሲዘጋ ነው፤ ያ ደግሞ እኛ ዘንድ ክረምት ነው። ለእነሱ ሲባል የየዓመቱ ቀን አይዘዋወር። በአራት ዓመት አንዴ ትልቅ ጉባኤ ጥሩና ቲኬት እንዲቆርጡ ከአንድ ዓመት በፊት አስታውቁ።

የስም ጥሪው ከምግብ በፊት ይሁን፤ ከበሉ በኋላ ማንም አይሰበሰብም። በየቤቱ በዓመቱ ያረፉት፣ የተወለዱት፣ የተጋቡት ይጠሩ። ከዚያ አንድ አዛውንት ስለ አንድ አያት ብቻ ሩብ ሰዓት ይናገሩ፤ ስልክ አጠገባቸው ተቀምጦ ድምፃቸው ይቀዳ። በዚያች ሩብ ሰዓት ሙዚቃም የሳህን ኳኳታም አይኑር።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ የዘር ሐረጋችንን እየጻፍን ነው። አክስታችን የእናታቸውን የልደት ዓመት አያውቁትም። «በዘመነ ሉቃስ ተወለደች፣ ጣሊያን ሲገባ ጥጃ ትጠብቅ ነበር» ይላሉ። በዚህ ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ አክስትዎ የሰጡዎት መረጃ ቀላል አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ያካፍሉ፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 1928 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት የሉቃስ ዓመታት 1927፣ 1923 እና 1919 ናቸው። በ1927 የተወለደች ገና ሕፃን ናት፤ በ1919 የተወለደች ዘጠኝ ዓመት ሊሆናት ነው፣ ከጥጃ አልፋ ከብት ታግዳለች። ስለዚህ 1923 ያመዝናል። «1923 (ግምት)» ብለው ይጻፉና የአክስትዎን ቃል እንዳለ ከሥሩ ያስፍሩት፤ ነገ ሌላ ዘመድ ሊያርመው ይችላል። ለቀደሙት ደግሞ ክፉ ቀንና የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ከዓመቱ ጎን ሁሌም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፉ። እዚያ ያደጉ ልጆች 1990 ብለው ሲሞሉ የትኛው እንደሆነ በኋላ የሚለይ አይገኝም።

በየሰው መዝገብ ላይ ስም ከነአባትና አያት፣ የቤት ስም፣ የክርስትና ስም ይኑር፤ ካህኑ በፍትሐት የሚጠራው የክርስትናውን ነው። የእናትን ስም ፈጽሞ አይዝለሉ። የሴት ልጅ ልጆች በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ፣ እናት ካልተጻፈች በሁለት ትውልድ ውስጥ የማን ወገን እንደሆኑ ይጠፋል። በየቦታው ያየናቸው ጎዶሎ የዘር ሐረጎች አብዛኞቹ የጎደሉት እዚህ ላይ ነው። ለየሰው ቁጥርም ይስጡ፦ የአያት ሁለተኛ ልጅ 2፣ የእሱ ሦስተኛ ልጅ 2.3። ስመ ሞክሼዎች የሚለዩት በዚህ ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደም እንደሌላው ቁጥሩን ይያዝ፤ ዝርዝሩ ግን በአደባባይ አይነበብ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ከአያታችን ልጆች ግማሾቹ ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። አያታችንን አብረን እንዴት እናስብ?

መልስ፦ ጸሎቱን አትቀላቅሉት። ጠዋት በየእምነታችሁ ዱዓውም ፍትሐቱም ይድረስ፤ ቀትር ላይ በአንድ ቦታ ተገናኙ። ሥጋ ካለ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ማብሰያ፣ የተለያየ ቢላዋና ጭልፋ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚነሳው ወጥ ማውጫው ጭልፋ ሲምታታ ነው። እኛ የምንመርጠው አንድ ወጥ ቤት የሚበቃውን፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚቆርስበትን የጾም ምግብ ነው። ጠላና ጠጅ ይቅር። ያረፉበትን ቀን በሂጅራ ከያዛችሁት በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ለመሰባሰቢያው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያዙ።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ገንዘቡን የት እናስቀምጥ? መመዝገብስ አለብን?

መልስ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ተቋማትን አይመለከትም። ምዝገባ የሚታሰበው ከዘመድ ውጭ እርዳታ ስትሰበስቡ ወይም የልማት ሥራ ስትጀምሩ ነው። እስከዚያ ከሦስት የተለያዩ ቤቶች በተመረጡ ሰዎች ስም የጋራ ሒሳብ ክፈቱ፤ ወጪ በሁለት ፊርማ ይሁን። ገንዘቡ የማኅበሩ እንደሆነ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ሦስቱም ይፈርሙ፤ ካለዚያ አንዱ ሲሞት የውርስ ጥያቄ ይነሳበታል። መዋጮ ያቋረጠ ሰው ከብድርና ከድጋፍ ይከለከል ይሆናል፤ ከስም ጥሪው ግን አይሰረዝ። እሱ ባይመጣም ልጆቹ ሊመጡ ይችላሉ።