8 ባር አያስፈልግህም፦ ቤት የተሠራ የኤርሶፍት ጠመንጃ ለምን አቅም ያንሰዋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአየር የሚሠራ የኤርሶፍት መጫወቻ ጠመንጃ ሠርተን ነበር። የአየር ማጠራቀሚያው ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ነው፤ አንድ ሊትር ገደማ ይይዛል። የምንሞላው በብስክሌት ፓምፕ ነው። መልቀቂያው በእጅ የሚዞር ቦል ቫልቭ ነው፤ አፈሙዙ ደግሞ ውስጡ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ። ግፊቱን 4 ባር አድርሰን ስንለቀው የምንተኩሳት ትንሽ የፕላስቲክ ኳስ 5 ሜትር እንኳ ሳትሄድ ትወድቃለች። ወደ 8 ባር ብናሳድገው ይሻላል?»

አይሻልም፣ ወንድሜ። ፓምፑን አስቀምጠው። ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረ አየር ካለ ቀስ አድርገህ አስወጣው። ከዚያ ረጋ ብለን እንነጋገር።

መጀመሪያ ስለ ፒቪሲው። ቱቦው ላይ የተጻፈው የግፊት ልክ ለውሃ የተሰጠ ነው። ውሃ ብትጫነው እምብዛም አይታመቅም። ስለዚህ ቱቦው ቢሰነጠቅ ትንሽ ይረጭና ግፊቱ ወዲያው ይጠፋል። አየር ግን ሲታመቅ ጉልበት ያጠራቅማል። አንድ ሊትር አየር 8 ባር ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ይዞ ይቀመጣል። አንዲት ኳስ የምትፈልገው አንድ ጁል ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ እጅህ ውስጥ ነው ያለው። ፒቪሲ ደግሞ ሲፈነዳ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል፤ ስለታም ስብርባሪው ፊት ላይ ይመጣል። ብርድ ሲነካው ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል፣ ሙቀት ሲነካው ይልማል። ትናንት 4 ባር ስለቻለ ነገም ይችላል ብለህ አትመነው። በዚህ ነገር አልደራደርም፤ ያ ቱቦ ከዚህ ሥራ ይውጣ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የኤርሶፍት ኳስ 6 ሚሊ ሜትር ትባላለች እንጂ ትክክለኛ ስፋቷ 5.95 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ክብደቷ 0.20 ግራም ነው። ይህች ኳስ በሰከንድ 100 ሜትር ስትበር በትክክል 1 ጁል ትይዛለች። አፈሙዝህ 30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። አየሩ እስከ ጫፍ ድረስ ሳይዳከም ቢገፋት፣ 1 ጁል ለመስጠት የሚበቃው ግፊት 1.2 ባር ብቻ ነው። በሰበቃና በማፈትለክ የሚባክነውን ብትጨምርበት 2 ባር ቢሆን ነው። አንተ ግን 4 ባር ሞልተህ 5 ሜትር አልሄደችልህም። ግፊት አላነሰህም ማለት ነው። ያለህ ግፊት ኳሷ ጋ አልደረሰም።

የት ጠፋ? አንደኛው ጥፋተኛ አፈሙዙ ነው። 7 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ 5.95 ሚሊ ሜትር ኳስ ስትገባ፣ ከቱቦው ቀዳዳ 28 በመቶ ያህሉ ክፍት ይቀራል። አየሩ ኳሷን ከመግፋት ይልቅ በጎኗ ሾልኮ ይወጣል። ለኤርሶፍት ተብለው የሚሠሩ አፈሙዞች ውስጣቸው ከ6.01 እስከ 6.08 ሚሊ ሜትር ነው። 6.05 ብትይዝ ክፍተቱ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። እንደ ምክሬ፣ ይህችን አንድ ዕቃ ተሠርታ ያለቀችውን ግዛ። ቤት ውስጥ ያን ያህል ልስልስና ቀጥ ያለ ቱቦ ማውጣት ከባድ ነው። ሌላ ቱቦ እጠቀማለሁ ካልክ ግን ሳትገዛ ካሊፐር በሚባለው የስፋት መለኪያ ለካው፤ የሻጩን ቃል ብቻ አትመን።

ሁለተኛው ቦል ቫልቩ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ይኼ ይመስለኛል። ኳሷ ከ30 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ወጥታ ለማለቅ የሚፈጅባት የሰከንድ 6 ሺኛ (0.006 ሰከንድ) ገደማ ነው። አንተ እጀታውን ለማዞር፣ ምንም ብትፈጥን፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስድብሃል። ስለዚህ ቫልቩ ገና ጭላንጭል ሲከፍት ኳሷ በደካማ አየር ተገፍታ ወጥታለች። ዋናው አየር የሚደርሰው ባዶ አፈሙዝ ላይ ነው። 8 ባር ብታደርገውም ያው ነው፤ አደጋው ብቻ ያድጋል።

መፍትሔው በአየር መሣሪያዎች ላይ የሚሠራበት ኩዊክ ኤግዞስት ቫልቭ የሚባለው ነው። ሦስት አፍ አለው። መሙያው መስመር በአንዱ ይገባል፣ ማጠራቀሚያው በሁለተኛው ይያያዛል፣ አፈሙዙ በሦስተኛው። ስትሞላ ውስጡ ያለው ጎማ ወደ አፈሙዝ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። የመሙያውን መስመር አየር በትንሽ የግፊት አዝራር ስታስወጣው፣ ጎማው ይገለበጥና የማጠራቀሚያው አየር በአንዴ ይለቀቃል። ሩብ ኢንቹ ላንተ ሥራ ይበቃል። አፈሙዙ መግቢያ ላይ ኳሷን ለስለስ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ጎማ ብትጨምርማ ግፊቱ እስኪገነባ ትጠብቃለች። ጎማው ከላይ በኩል ብቻ ገፋ ካደረጋት ደግሞ ወደ ኋላ እየሾረች ትወጣለች። ይህ ሹረት አየር ላይ ደግፎ ያቆያታል፤ ቶሎ አትወድቅም። ባለሙያዎቹ ሆፕ አፕ የሚሉት ይህንን ነው።

ማጠራቀሚያውን በተመለከተ፣ አንድ ሊትር ለምን አስፈለገህ? የ30 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ የሚይዘው 9 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ግማሽ ኢንች የብረት ውሃ ቱቦ ቁራጭ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ይበቃሃል። በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው፣ ያልዛገ፣ አዲስ ይሁን። ጥርሱን በቴፍሎን ጠቅልለህ አጥብቀው። ብየዳ አታስገባበት። የግፊት መለኪያ ጌጅ አድርግለት፤ ከጌጁ ጎን 3 ባር ላይ ራሱ የሚከፍት ማስተንፈሻ ቫልቭ አድርግ። እሱ ካለ ወንድምህ ተሳስቶ ብዙ ቢሞላ እንኳ ትርፉ ይወጣል። ከመሙላትህ በፊት የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀባና በትንሽ ግፊት ሞክረው። የሚያስተነፍስ ቦታ አረፋ ያወጣል። ኦሪንግ የሚባሉትን የጎማ ቀለበቶች የሲሊኮን ቅባት ቀባቸው። የኦክስጅን ሲሊንደር ግን በምንም ዓይነት አታገናኝ። ኦክስጅንና ቅባት ሲገናኙ እሳት ነው።

ፍጥነቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም። ቀጭን ቆርቆሮ ከአፈሙዙ ጫፍ 5 ሜትር ላይ አቁም፤ ኳሷ ልትነጥር ስለምትችል ከኋላው ብርድ ልብስ ስቀል፣ ፊት ለፊቱም ሰው አይቁም። ስልክህን አፈሙዙ አጠገብ አስቀምጠህ ድምፁን ቅዳ። በድምፅ ማረሚያ መተግበሪያ ስትከፍተው ሁለት ጉብታ ታያለህ፤ የተኩሱና የቆርቆሮው። በመሃላቸው የሰከንድ 80 ሺኛ (0.080 ሰከንድ) ቢኖር፣ 15ቱ የቆርቆሮው ድምፅ ወደ ስልኩ ለመመለስ የወሰደው ነው። 65 ይቀራል። 5 ሜትርን በ0.065 ስታካፍል 77 ሜትር በሰከንድ ይወጣል፤ 0.6 ጁል ገደማ ነው። ከ1 ባር ጀምርና በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርክ ለካ። 1 ጁል አካባቢ ስትደርስ አቁም። ጃፓን ውስጥ ለምሳሌ ለ6 ሚሊ ሜትር ኳስ የሕጉ ጣሪያ 0.98 ጁል አካባቢ ነው። ያለህበት አገር ምን እንደሚፈቅድ ግን ሳትጀምር አጣራ። ቀለሙንም ደማቅ አድርገው፤ ከሩቅ የሚያይህ ሰው እውነተኛ መሣሪያ መስሎት መደንገጥ የለበትም።

መነፅሩን ቸል እንዳትል። ኢኤን 166 በሚባለው የአውሮፓ ደረጃ «ኤፍ» የሚል ምልክት ያለው መነፅር የሚፈተነው በሰከንድ 45 ሜትር በሚበር የ6 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ ነው። ያ ከ0.9 ጁል በታች ነው፤ ለአንተ ጠርዝ ላይ ነው። በ120 ሜትር የሚፈተነውን «ቢ» ውሰድ፤ ዙሪያውን የሚዘጋ ይሁን። ሁለት ያስፈልግሃል፤ አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለታናሽህ። የሚሞላው ሰውም ቢሆን ያድርግ፣ የሚተኩሰው ብቻ አይደለም።