ስለ ተጫዋቾች የአከርካሪ ጉዳት ጠይቁኝ

በደሴና በኮምቦልቻ ለሚጫወቱ ቡድኖች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የመሐል ተከላካያችን በወገብ ጉዳት ጫማውን ከሰቀለ ወዲህ ጥያቄው ስለበዛ፣ በእርሱ ፈቃድ እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኔይማር አከርካሪው ተሰብሮ ተመልሷል፤ የእኛ ልጅ ለምን በ24 ዓመቱ አበቃለት?

መልስ፦ ኔይማር እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት የተሰበረው ከሦስተኛው የወገብ አጥንት ወደ ጎን የወጣው ክንፍ ነው። እርሱ ጡንቻ የሚያያዝበት ነው፤ ቢያምም ይጠግናል። የእኛ ልጅ ግን ዲስኩ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ለረጅም ጊዜ ተጫነው። አሁን ሲራመድ የቀኝ እግሩ ጫፍ ሽቅብ አልነሣ ይለዋል፤ የጫማው አፍንጫ መሬት እየጫረ ያልቃል።

ጥያቄ፦ እኔም ዲስክ አለብህ ተብያለሁ። ኳስ ላቁም?

መልስ፦ አብሽር። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ሽንት አልወጣ ካለህ፣ መቀመጫህና ብልትህ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሁለቱም እግሮችህ ከዛሉ ግን በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ግባ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወጌሻ ቢያሸውስ?

መልስ፦ ወጌሻ አልንቅም። አንገትና ወገብ ግን አይጎተትም።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ምን እናድርግ?

መልስ፦ አታንሡት! የወሎ ሰው ደግነት የሚያስፈራኝ ይህን ጊዜ ነው፤ አንዱ ብብቱን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ሊያቆመው ይሮጣል፣ ሦስተኛው ውሃ ይደፋበታል። አንድ ሰው ከራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ባለበት ይያዝ። ሌላው ትንፋሹን ይከታተል፤ «ጣቶችህን አንቀሳቅስ፣ ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቀው። ቃሬዛ ላይ ማውጣት የግድ ከሆነ ጭንቅላቱን የያዘው ሰው ትእዛዝ ይስጥ፤ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው እንደ ግንድ ባንድ ላይ ያገላብጡት። ሕብለ ሰረሰሩ፣ በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ከላይኞቹ የአንገት አጥንቶች አካባቢ ከተጎዳ ትንፋሽ ራሱ ሊቆም ይችላል።

ጥያቄ፦ ትራውትማን አንገቱ ተሰብሮ ጨዋታ ጨርሶ የለም እንዴ?

መልስ፦ ጨርሷል። የማንችስተር ሲቲው ግብ ጠባቂ እ.ኤ.አ. በ1956 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ተጎድቶ፣ ስብራቱ በራጅ የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ያዳነው ሦስተኛው የአንገት አጥንት ሁለተኛው ላይ ተሰክቶ መቆየቱ እንጂ ጀግንነቱ አይደለም። ይህን ታሪክ ለታዳጊዎች እየነገሩ «ቻለው» የሚሉ አሰልጣኞች ያናድዱኛል።

ጥያቄ፦ ልጁ አሁን በምን ይኖራል?

መልስ፦ ውሉ እስኪያበቃ በደመወዙ። ተጫዋቾች፣ ስትፈርሙ ጉዳቱ ከውሉ ዘመን ካለፈ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አስገቡ።