ጀንክ ጆርናል ልጀምር ብዬ ዕቃ የለኝም!

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጀንክ ጆርናል (ሊጣል በነበረ ወረቀት የሚሰራ የማስታወሻ ደብተር) የሚሰሩ ሰዎችን ቪዲዮ ሳይ ነው የማመሸው። ልጀምር እልና ደሞ እነሱ ጋ ያለውን መዓት ስቲከር፣ ማህተም፣ ዋሺ ቴፕ (ባለ ጥለት የወረቀት ፕላስተር)፣ የድሮ የሚመስል ወረቀት ሳይ ተስፋ እቆርጣለሁ። እኔ ቤት ያለው መቀስና የልጄ ኮላ ብቻ ነው። በዚህ ይጀመራል ወይስ ተመልካች ሆኜ ልቅር?
ተመልካቿ

መልስ፦ ኧረ ይጀመራል እህቴ! እንዲያውም እኔ ዕቃ ገዝቶ መጀመርን አልመክርም፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ የሚያምር ስቲከር ፊትሽ ሲደረደር "እንዳላበላሸው" የሚል ፍርሃት ይመጣል፣ የሳሙና መጠቅለያ ግን ቢበላሽ ማን ያዝናል? ሊጣል የነበረ ወረቀት ደብተር ላይ ለጥፎ አጠገቡ የራስን ነገር መጻፍ ነው፣ በቃ። ጀርመናዊው አርቲስት ኩርት ሽዊተርስ እኮ እንደ አውሮፓውያን ከ1919 አካባቢ ጀምሮ የትራም ቲኬትና ቁርጥራጭ ወረቀት እየለቀመ ኮላጅ (ቁርጥራጮችን ለጥፎ የሚሰራ ስዕል) ይሰራ ነበር፣ ስራዎቹ ዛሬ ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ ነው ያሉት።

መጀመሪያ አንድ ካርቶን አስቀምጪና ለጥቂት ቀን ወረቀት መጣል አቁሚ። ፖስታ (ውስጡ ሰማያዊ ጥለት ያለው ካገኘሽ እሰየው)፣ የልብስ ታግ፣ ቲኬት፣ ያለፈ ካሌንደር፣ ቡናማ የወረቀት ከረጢት፣ ተሳስቶ ፕሪንት የተደረገ ገጽ፣ ልጅሽ ሞነጫጭሮ የተወው ነገር ሁሉ ይግባ።

ደብተሩንም ራስሽ ስሪው። 6 ኤ4 ወረቀት ደራርበሽ ከመሀል ስታጥፊው 24 ገጽ ይሆናል፣ ከውጭ በቀጭን ካርቶን ሸፍኚው። ከዚያ እጥፋቱ ላይ በወስፌ ወይም በወፍራም መርፌ 3 ቀዳዳ ብሺ፣ አንዱ መሀል ሁለቱ ወደ ጫፍና ጫፍ፣ ክሩ የጀርባውን ርዝመት 3 እጥፍ ይሁን። መርፌውን ከውስጥ በመሀለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጪ፣ በላይኛው ወደ ውስጥ አስገቢ፣ መሀለኛውን ዘልለሽ በታችኛው ወደ ውጭ አውጪ፣ በመጨረሻ በመሀለኛው ወደ ውስጥ መልሺው። አሁን የክሩ ሁለት ጫፎች ውስጥ ተገናኝተዋል፣ አንዱ መሀለኛውን ቀዳዳ ዘልሎ ካለፈው ረጅም ክር በግራ ሌላው በቀኝ ሆነው ይታሰሩ፣ ያኔ ቋጠሮው አይንሸራተትም። ሲጻፍ ነው የረዘመው እንጂ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጀምሬያለሁ፣ ግን ገጾቼ ሁሉ ይሸበሸባሉ፣ ደብተሩም አብጦ አልዘጋ አለኝ። ምን ላድርግ?
ግራ የገባው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለብህ። መሸብሸቡ ከኮላው ነው፣ ፈሳሽ ነጭ ኮላ ውስጥ ውሃ አለ፣ ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል ከዚያ ሲደርቅ ይጣመማል። ስለዚህ ለስስ ወረቀት እየተጠመዘዘ የሚወጣውን ግሉ ስቲክ ተጠቀም፣ ያለህ ፈሳሹ ብቻ ከሆነ ደሞ ጠብ እያደረክ አትተወው፣ በማያገለግል ካርድ እስከ ጠርዙ ድረስ ስስ አድርገህ ጥረገው። ለጥፈህ ስትጨርስ ገጾቹ እንዳይጣበቁ መሀላቸው ፕላስቲክ አግባና ከባድ መጽሐፍ ጭነህበት እደር። በጸጉር ማድረቂያ ላፍጥነው እንዳትል፣ ይብሳል።

ማበጡ ግን የጀርባው ጉዳይ ነው። የደብተር ጀርባ የሚበቃው ለባዶ ወረቀቱ ብቻ ነው፣ አንተ ደሞ በየገጹ ሶስት አራት ድርብ ጨመርክበት። የሚቀጥለውን ስትጀምር ከየሁለት ቅጠሉ በኋላ አንዱን ቆርጠህ አውጣ፣ ሆኖም ከስፌቱ አጠገብ የጣት ወርድ የሚያህል አስቀርለት፣ ሙሉ ለሙሉ ከነቀልከው ከመሀል ስፌቱ ማዶ ያለው ተጣማሪ ቅጠልም አብሮ ይወልቃል። ወፍራም ነገር ደሞ ወደ ስፌቱ አታስጠጋ፣ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ አትለጥፍ። የአሁኑን በላስቲክ እሰረውና ተወው፣ ያበጠ ጆርናል እንዲያውም ያምራል ብለው ሆን ብለው የሚያሳብጡ ሞልተዋል (እኔም አንዷ ነኝ)።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ይህን ነገር የለመድኩት። ከልጆቼ ጋር የተጓዝንበትን ቲኬትና ደረሰኝ በፕላስተር አጣብቄ አስቀምጬ ነበር፣ አሁን ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ብቻ ቀረ። ምን ይሻላል?
እናት

መልስ፦ እማማ፣ በጣም ያሳዝናል፣ ግን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እነዚያ ደረሰኞች ቀለም የላቸውም፣ ወረቀቱ ላይ የተቀባ ነገር አለ፣ የማሽኑ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፣ ያ ደሞ በብርሃን፣ በሙቀትና በፕላስተሩ ሙጫ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከአሁን በኋላ አንዱን ጥግ በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት፣ ጥቁር መስመር ከወጣ የዚህ ዓይነት ወረቀት ነው፣ ቀድመው ፎቶ ኮፒ ያስነሱና ኮፒውን ይለጥፉ። ፎቶግራፍም እንደዚያው፣ አንድ ብቻ የሆነውን ፎቶ አይለጥፉ፣ ኮፒው ይበቃል። ጋዜጣ ደሞ በራሱ አሲድ እየቆየ ቢጫ ስለሚሆን ከፎቶ ፊት ለፊት ባይገጥም ጥሩ ነው። ለጠፋው ቲኬት ግን ባዶውን ወረቀት አይጣሉት፣ ከየት ወዴት እንደሄዳችሁና ማን አጠገብዎ እንደተቀመጠ እላዩ ላይ በእጅዎ ይጻፉበት።

ጥያቄ፦ ምን እንደምጽፍበት አላውቅም፣ የግል ነገር ጽፌ ደሞ ሰው እንዳያየው እፈራለሁ።
ዝምተኛዋ

መልስ፦ ብዙ መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ ቀኑንና ወረቀቱ ከየት እንደመጣ ብቻ ጻፊና እለፊ። የግል ለሆነው አሮጌ ፖስታ አፉን ወደ ላይ አድርገሽ ገጹ ላይ ለጥፊ፣ ጽሑፉን ሌላ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አጥፈሽ እዚያ ውስጥ ክተቺ፣ ሰው ደብተሩን ሲያገላብጥ የሚያየው ፖስታውን ነው። ካላመንሽ አፉን አሽጊው።