«ደረቴ ሲር ሲር ይላል» ብላ ሞልታለች፤ ልጄ አስም አለባት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ13 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ስለ አስም የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ተማሪዎቹን መጠይቅ አስሞልተዋቸዋል። «ባለፉት 12 ወራት ደረትሽ ሲር ሲር ብሎ ያውቃል?» ለሚለው «አዎ» ማለቷን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። አስመኛ ተብላ ተመዘገበች? ጉንፋን ሲይዛት ሌሊት ያስላታል፤ ከፋርማሲ የሳልቡታሞል ሽሮፕና አሞክሳሲሊን ገዝቼ ስሰጣት ይተዋታል። ኢንሄለር ግን ሱስ ያስይዛል ስለሚባል እንዲያስጀምሯት አልፈልግም። (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልተመዘገበችም፤ ይረጋጉ። መጠይቁ የከተማውን ልጆች ይቆጥራል እንጂ የእርስዎን ልጅ አይመረምርም።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ኢሳክ የተባለ፣ የልጆችን አስምና አለርጂ ያጠና ዓለም አቀፍ ጥናት ለየአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ አዘጋጀ፤ ልጅዎ የሞላችውም የዚያ ዓይነት ነው። የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች ራሳቸው ይሞሉ ነበር፤ ለ6 እና ለ7 ዓመቶቹ ወላጅ ይሞላላቸው ነበር። በአንድ ቦታ 3,000 ያህል ልጅ ይጠየቅ ነበር። አዲስ አበባና ጅማም ተካፍለውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ውጤት ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ቁጥር ከታየባቸው አገሮች አንዷ ነበረች።

መጠይቁ «አስም አለብሽ?» ብሎ የማይጀምረው ሆን ተብሎ ነው። «ሐኪም አስም አለብህ ብሎሃል?» ተብሎ ብቻ ቢጠየቅ የሚቆጠረው ሐኪም ዘንድ የደረሰው ይሆናል። ስለዚህ ምልክቱ ይጠየቃል። ዓመት ሙሉ የሚባለውም ክረምቱም በጋውም እንዲገባ ነው። ችግሩ «ሲር ሲር» የሚለው ቃል ነው፤ አንዱ ልጅ ማንኮራፋቱን፣ ሌላው ጉሮሮው ላይ የሚንኳኳውን አክታ «አዎ» ብሎ ይሞላል። ለዚህም ነው የታመመ ሰው ሲተነፍስ የሚያሳይ ቪዲዮ አብሮ የተዘጋጀው። ከ3,000 ልጅ አንዱ በስህተት «አዎ» ሲል ሌላው እውነቱን ሲደብቅ በከፊል ሊካካስ ይችላል። በአንድ ልጅ ላይ ግን የሚካካስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ስለ ልጅዎ ምንም አልወሰነም።

ይልቅ ከዚያች ጥያቄ በኋላ ያሉትን ምን ብላ እንደመለሰች ይጠይቋት። ሲር ሲሩ ስንት ጊዜ ተነሳባት? ከእንቅልፏ ቀስቅሷት ያውቃል? ስፖርት ስትሠራስ? ጉንፋን ሳይኖርባት ሌሊት ደረቅ ሳል ያስላታል? አንዷ ጥያቄ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ ትንፋሽ አጥሮሽ በአንድ ትንፋሽ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል በላይ መናገር አቅቶሽ ያውቃል? ለዚህች ጥያቄ «አዎ» ካለች ነገ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። አሁን እያዩዋት እንዲያ ከሆነች ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። እየታገለች ሲር ሲሩ ድንገት ቢጠፋ ተሻላት ብለው አይደሰቱ፤ አየር መግባት እያቆመ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሽሮፑ። ሱስ የፈሩት ኢንሄለር በአንድ ፓፍ (አንዴ ሲጫኑት) የሚሰጠው ሳልቡታሞል፣ ማለትም የትንፋሽ ቧንቧ የሚከፍተው ማስታገሻ፣ 100 ማይክሮግራም ነው። በማንኪያ የሚሰጧት ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም አለው፤ ይህም 2,000 ማይክሮግራም ነው። አንድ ማንኪያ ማለት የሃያ ፓፍ መድኃኒት ማለት ነው! ያውም በሆድ ገብቶ፣ ደም ውስጥ ዞሮ፣ ልብ እያስመታ እጅ እያንቀጠቀጠ፣ ዘግይቶ ነው ሳንባ የሚደርሰው። «ሱስ ያስይዛል» ያሉትን ትተው የከበደውን ነው የያዙት። ሱስ የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው፦ ሰው ማስታገሻውን ብቻ ይዞ የትንፋሽ ቧንቧው እብጠት ሳይታከም ይቆያል፣ በየጊዜው ይነፋል፣ 200 ፓፍ ያለው ጠርሙስ ቶሎ ያልቃል፣ ጎረቤት «ያለሱ መኖር አቃተው» ይላል። ያቃተው ባልታከመው እብጠት ምክንያት ነው። እብጠቱን የሚያክመው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ኢንሄለር ነው፤ ያም ሱስ አያስይዝም፤ ከነፉ በኋላ አፍ መጉመጥመጥ ብቻ ይፈልጋል። «የመጨረሻ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ነው» የሚሉዎትንም አይስሙ፤ ከመጀመሪያው የሚታዘዝ ነው።

አሞክሳሲሊኑን ዛሬውኑ ያቁሙ። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ በራሱ ጊዜ ነው የተዋት። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ መስጠት ልጅን መንከባከብ አይደለም፤ ይህን ለስላሳ አድርጌ ልናገረው አልችልም።

ኢንሄለር ከታዘዘላትና ስፔሰር (መድኃኒቱ ተነፍቶ የሚሳብበት ባዶ ዕቃ) ካጡ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ቂጡን የኢንሄለሩ አፍ ልክክ ብሎ እንዲገባ ይብሱት፤ ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ ይድፈኑት፤ በሳሙና አጥበው ሳይወለውሉት ይድረቅ፤ በጨርቅ ከወለወሉት መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ እሷ ሳትስብ ጥቂት ፓፍ መድኃኒት ወደ ሃይላንዱ ይንፉ። ከዚያ የሃይላንዱን አፍ በከንፈሯ ገጥማ ትያዝ፤ አንድ ፓፍ፣ ከአራት እስከ ስድስት ትንፋሽ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሁለት ፓፍ አከታትሎ መንፋት መድኃኒት ማባከን ነው።

ምናልባት አስም ላይሆን ይችላል፤ ጉንፋን ብቻውንም ደረትን ሲር ሲር ያሰኛል። የሚለየው ሐኪም ደረቷን አዳምጦ፣ መሣሪያው ካለ ስፓይሮሜትር (የትንፋሽ መለኪያ) አስነፍቶ፣ ከሳልቡታሞል በኋላ ትንፋሿ ምን ያህል እንደሰፋ አይቶ ነው። ሌሊት ሲነሳባት ደረቷ ሥር ስልክ አስጠግተው ድምፁን ይቅዱና የሽሮፑን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ።